በእታለም ሳሎን የሞቱት ሁለት ዓሦች

ነገሩ የጀመረው ለገና ነው። ጋሼ፣ የታላቅ እህቴ የእታለም ባለቤት፣ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ለልጃቸው ሦስት ወርቃማ ዓሣ ይዘው መጡ። በፌስታል። አየር ተነፍቶበት አፉ በላስቲክ የታሰረ ፌስታል፣ ፌስታሉ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬት ትለብሳለህ፣ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ታወልቃለህ፣ ደጀን ስትወጣ መልሰህ ትለብሳለህ። ዓሣ ጃኬት የለውም። ያቺ ሁለት ሊትር የማትሞላ ውሃ ስትሞቅ ስትቀዘቅዝ ዋለች፤ ማታ ቤት ሲደርሱ ግን ሦስቱም ይዋኙ ነበር። እስካሁን ይገርመኛል።

ልጁን እዚህ ማሙሽ እንበለው። አራተኛ ክፍል ነው። ያን ሌሊት አልተኛም አሉ።

ከዓሦቹ ጋር ክብ ብርጭቆም ተሽጦላቸዋል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ ቲቪ ላይ የምናየው ዓይነት። በኋላ በሊትር እየለካሁ ስሞላው እስከ አንገቱ 8 ሊትር ያዘ። ሻጩ “ለጀማሪ ይበቃል፣ ትንሽ ስለሆኑ አይቸገሩም” ብሏቸዋል። ጋሼም አመኑ። ምን ያድርጉ፤ ዓሣ የሚያውቁት በሳህን ነው።

ጥር 2 ጠዋት የመጀመሪያው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገኘ። ጥር 6 ሁለተኛው ተከተለ። ማሙሽ ሁለቱንም ጓሮ ቀብሮ ድንጋይ አስቀመጠባቸው። እታለም ደወለችልኝ፦ “አንተ ዓሣ አዋቂ ነኝ ትል የለ፤ ና እንግዲህ፣ ልጁ ምግብ አልበላ አለኝ።” ለጥምቀት እሄድ ነበርና ሁለት ቀን አስቀድሜ ከባሕር ዳር ተነሣሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፣ ኋላ ላይ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ዓሣ ቤቴ ውስጥ ማሳደግ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ብዙ ገድዬም ተምሬያለሁ። ነገር ግን የማውቀው ሁሉ የባሕር ዳር ነው። ይሄ ደብረ ማርቆስ ላይ ጉድ ሠራኝ።

ስደርስ ብርጭቆው ቡፌው ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ውሃው ደፍረስ ብሏል። አንዷ የቀረች ዓሣ ከላይ፣ ከውሃው ፊት ላይ አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ይሄንን ያየ ሰው “ርቧት ነው” ይላል። እታለምም ያለችው ይሄንኑ ነው፤ ርቧታል ብላ ቀኑን ሙሉ የዳቦ ፍርፋሪ ስትጥልላት ከርማለች። ጠዋት እሷ፣ ቀን ልጁ፣ ማታ ጋሼ፣ እንግዳ ሲመጣ እንግዳው። ጎጃም ቤት ሰው “ጠገብኩ” ቢል ማን ይሰማዋል? በሞቴ ነው፣ አፈር ስሆን ነው። ዓሣዋ ግን ርቧት አልነበረም። አየር አጥታ ነው።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ውሃውን መቼ ቀየራችሁ? በየአራት ቀኑ። ምን ያህሉን? ሁሉንም፣ ዓሦቹን በጭልፋ አውጥተን፣ ብርጭቆውን በሳሙና አጥበን። ውሃው ከየት? ከቧንቧ፣ ዛሬ የመጣ። ዓሦቹን ስትመልሱ ውሃው እንዴት ነበር? ቀዝቃዛ፣ በጣም።

በቃ። አንዱ ብቻውን የሚገድል ነገር እዚህ አራት ሆኖ ተሰልፏል። ግን ሁሉም እኩል ጥፋተኛ ነው ብዬ አላልፈውም፤ ዋናው ገዳይ አሞኒያ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ (መተንፈሻው) በኩል ቀኑን ሙሉ ያስወጣል፣ ኩሱም የተረፈው ዳቦም ሲበሰብስ ወደዚያው ይለወጣል። ትልቅ ውሃ ውስጥ ይቀጥናል። አንድ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ደግሞ አለ፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት የሚለውጥ፤ ሌላ ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፣ ሦስተኛው በብዛት ካልተጠራቀመ ብዙም አይጎዳም። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች በሳምንት አይመጡም። ማጣሪያ ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ መስታወት ላይ እየተለጠፉ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ፣ ብርድ ካለ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። የእታለም ብርጭቆ ማጣሪያ የለውም፤ ብቅ ያሉትንም በየአራት ቀኑ በሳሙና ታጥባቸዋለች። የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ የተረፈውን ይጨርሳል፣ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል።

እማማ፣ ጎረቤታቸው፣ “ጠበል ጨምሩበት” ብለው ነበር አሉ። እታለም “ጠበል ለዓሣ አይደለም” ብላ አልተቀበለችም። በልቤ ሳቅኩ፤ የምንጭ ውሃ ክሎሪን የለበትም፣ በዚያ ብቻ እንኳ ከቧንቧው ይሻል ነበር።

ቀዳሚው ሥራ የቀረችውን ማትረፍ ነው። ጓሮ ውስጥ ሮቶ አላቸው፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ ክሎሪኑ በንኗል። (ይሄ ተራ ክሎሪን ላይ ነው የሚሠራው፤ ክሎራሚን የሚባለው በመቆየት አይወጣም። ውሃችሁ የቱ እንደሚጨመርበት መጠየቅ ነው።) ትልቁን የልብስ ሳፋ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ አዲስ ገዝተን፣ 40 ሊትር ሞላንበት። ከባሕር ዳር ይዤው የመጣሁትን የአየር ፓምፕ ከተትኩ። ዓሣዋን ከነውሃዋ በፌስታል አድርጌ ሳፋው ላይ አንሳፈፍኳት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ የሳፋውን ውሃ በሲኒ እየቀዳሁ ቀስ በቀስ ጨመርኩባት። ለሦስት ቀን ምግብ የለም። እታለም “ሦስት ቀን!” ብላ ጮኸች። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም፣ ከእኛ የተሻለ ጿሚ ነው።

በማግስቱ ከላይ መተንፈሷን ትታ ሳፋውን መዞር ጀመረች።

እንግዲህ አሁን ነው ቁም ነገሩ የመጣው፤ ማሙሽ ጓደኛ ይገዛላት አለ፣ ጋሼ ደግሞ “በዚያው ደህና አድርገን እንሥራው፣ ምን ያህል የዓሣ መስታወት፣ ምን ዓይነት ዓሣ፣ አንተ ንገረን” አሉኝ። እኔም ሳላስብ “60 ሊትር መስታወትና ጉፒ” አልኩ። ጉፒ ባሕር ዳር ላይ ያለ ማሞቂያ አሳድጋለሁ። ትንሽ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በየወሩ ገደማ ይወልዳል። ለጀማሪ ምን ይሻላል?

አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው የማታውን ብርድ ያስተዋልኩት። ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር አልፋ። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ውሃው የሆነውን ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ምክሬን አጠፍኩና ሁለት ቴርሞሜትር አወጣሁ። አንዱን ባዶው ክብ ብርጭቆ ውስጥ፣ ውሃ ሞልተን በነበረበት መስኮት ሥር። ሁለተኛውን ሳፋው ውስጥ። ማሙሽ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አደረግን፣ ለአምስት ቀን። ልጁ ከዚህ ወዲያ ማልቀሱን ተወ፣ ሥራ አገኘ።

ያገኘነው ይሄ ነው። ብርጭቆው ጠዋት 13 ተኩል ዲግሪ፣ ከሰዓት ፀሐይ ስታገኘው 21። ሳፋው ጠዋት 15 ተኩል፣ ከሰዓት 17 ተኩል። አንድ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ቀን። ስምንቱ ሊትር በቀን ከሰባት ዲግሪ በላይ ይወዛወዛል፣ አርባው ሊትር ሁለት ዲግሪ። ከሰው ጋር ስለ መስታወት መጠን በተከራከርኩ ቁጥር አሁን የማነሣው ይሄንን ደብተር ነው፤ ሰው ትንሽ መስታወት ቀላል ይመስለዋል፣ ለጀማሪ ይመርጠዋል፣ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ስታጠፋ ለመታረም ጊዜ አይሰጥህም።

ከዚያ ዓሣ በዓሣ ተቀመጥን። ጉፒ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይመቸዋል፣ 15 ላይ ክንፉ ይታጠፋል፣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይይዘዋል። ማሞቂያ ቢገባስ? ይገባል፤ መብራት ሲጠፋስ? ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት ሊመጣ ይችላል። ቤታ የሚባለው፣ ያ ረዥም ክንፍ ያለው ኩሩ ዓሣ፣ ከላይ አየር እየጠጣ ስለሚኖር ትንሽ ውሃ ይበቃዋል ይላሉ ሻጮች፤ ግን 24 እና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ ወንዱ ከወንድ ጋር ይጋደላል። ለዚህ ቤት አይሆንም። ኒዮን ቴትራ ቆንጆ ነው፣ ግን የቆየ፣ የተረጋጋ መስታወት ነው የሚወደው፣ አዲስ ላይ ይረግፋል።

ወርቃማዋስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ከሁሉም ለደብረ ማርቆስ አየር የምትስማማው እሷ ነበረች። ቀዝቃዛ ውሃ ትወዳለች፣ 15 ላይ ምንም አይመስላትም። ችግሩ መጠኗ ነው። ስትሸጥ 4 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ይሄ የልጅነቷ ነው። ባለ ነጠላ ጅራት ረዥሙ ዝርያ 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ድቡልቡሉ እንኳ 15 እና ከዚያ በላይ። ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች። ጨቅላ ጥጃ ስለሆነ ብሎ በሬን ሳሎን ውስጥ የሚያስር የለም።

“ዓሣ በመስታወቱ ልክ ነው የሚያድገው” ይባላል። እማማም ብለውኛል፣ ከየት እንደሰሙት እንጃ። ማደጉ ሊገታ ይችላል፣ ግን ጤናው ተበላሽቶ ነው፣ ዕድሜውም አጥሮ።

ሌላም የሚባል አለ፣ “ለአንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ አንድ ሊትር ውሃ”። ለትናንሽ ዓሣ ግምቱ መጥፎ አይደለም። ለትልቅ ግን ያሳስታል፤ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዓሣ ክብደቱ እጥፍ አይደለም፣ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም በወርድም በቁመትም አብሮ ይጨምራል። የሚበላውም የሚያቆሽሸውም ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። 20 ሴንቲ ሜትር ወርቃማ ዓሣ በ20 ሊትር ብሎ የሚሠላ ሰው ውጤቱን እታለም ቤት መጥቶ ይይ።

ማሙሽ በመሃል “ለምን ከጣና አናመጣም?” አለ። የሚገርም ጥያቄ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ አስቤው ነበር። ጣና ቅርባችን ነው፣ ዓሣው ሞልቷል። ግን ቆረሶ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ዓሣ ነው፣ አምባዛ ደግሞ ከልጁ ሊረዝም ይችላል። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዓሣ አይደለም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው እዚያው ተለይተው የተፈጠሩ፣ ከጣና ውጭ የሌሉ ዝርያዎች ናቸው ብዙዎቹ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞቹ የሚወጡ። የእነሱን ጫጩት ይዞ መስታወት ውስጥ ማስገባት ልክ አይደለም። እዚህ ላይ ኮስተር አልኩበት።

የፈለግነው ዓሣ እንዲህ ያለ ነው፦ ሲያድግ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ፣ ማሞቂያ ሲኖር የሚደሰት፣ ማሞቂያው ቆሞ ውሃው ወደ 16 ቢወርድ ደግሞ የማይሞት። ቁልፉ ይሄ ሁለተኛው ነው። ዓሣውን መብራት ባለበት ቀን አትምረጠው፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ምረጠው። ዋይት ክላውድ የሚባል ትንሽ የቻይና ተራራ ዓሣ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ቤቱ ነው። የጠየቅናቸው ሻጮች ግን አልነበራቸውም። ቀጣዩ ዚብራ ዳኒዮ ሆነ፤ ባለ ሰማያዊ መስመር፣ ፈጣን፣ ከ18 እስከ 25 የሚመቸው፣ ለጊዜው ዝቅ ቢልም የሚችለው። በቡድን ነው የሚኖረው፣ ከስድስት ማነስ የለበትም፣ ብቻውን ሲሆን ይደነብራል ወይም ሌላውን ይነክሳል።

ዓሣው ከታወቀ መስታወቱ ራሱ መጣ። ዳኒዮ ትንሽ ቢሆንም ሯጭ ነው፣ ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 35 ቁመት። ሦስቱን አባዝተህ ለ1000 ስታካፍል 63 ሊትር ነው። ግን እስከ አፉ አይሞላም፣ ጠጠርም ይገባል፣ እውነተኛው ውሃ 50 ሊትር ገደማ ነው። ሰው ስለ መስታወት ሲያወራ የሚናገረው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፣ ዓሣው የሚኖረው በሁለተኛው ነው።

ጋሼ ቦታ እንዳይዝ ብለው ቁመቱ የረዘመ፣ ወርዱ የጠበበ ይሁን ብለው ነበር፤ 30 በ30፣ ቁመቱ 70 ማለት ነው። ሊትሩ ያው ነው፣ የውሃው ፊት ግን ግማሽ ይሆናል፤ 1800 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው 900። ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ፊት በኩል ነው። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ያ ክብ ብርጭቆ አፉ ጠባብ የነበረው አስታወሳቸው፣ ተስማሙ።

መስታወቱን እዚያው ከተማ መስታወት ቆራጭ ጋ አሠራነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ሲሊኮኑ ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ሠራተኛው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አወጣ፣ ሻጋታ መከላከያ ያለበትን፤ ያ ዓሣ ይገድላል። ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ፈልገን ሌላ ቱቦ ገዛን። ሲደርቅ ሳምንት ተውነው፣ ግቢ ውስጥ ውሃ ሞልተን ሁለት ቀን አየነው፣ አንድ ጥግ አልቦ ነበር፣ ተደገመ። ዋጋውን አልጽፍም፣ እስክታነቡት ድረስ ይጨምራል።

ከዚያ ቡፌው። እታለም ቡፌዋ ላይ ይቀመጥ አለች። ውሃው 50 ኪሎ ነው፣ መስታወቱ ባዶውን 12 ኪሎ ያህል፣ ጠጠሩ 7፤ 70 ኪሎ ሊሞላ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ቡፌው ላይ ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ እንደተቀመጠ ቁጠሪው አልኳት። ብየዳ ቤት የብረት ማስቀመጫ ተሠራ፣ ላዩ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ስስ ፎም፣ መስታወቱ ጎርበጥ ያለ ነገር አግኝቶ እንዳይሰነጠቅ። ከመስኮቱም አራቅነው። ፀሐይ ቢያገኘው አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል።

የስፖንጅ ማጣሪያ በአየር ፓምፕ፣ 50 ዋት ማሞቂያ 21 ዲግሪ ላይ፣ ክዳን። ዓሣ የለም። ባክቴሪያው እስኪመጣ። ሥራውን ለማሳጠር እኔ ከባሕር ዳር ስመለስ ከራሴ ማጣሪያ ግማሽ ስፖንጅ ቆርጬ እርጥቡን በፌስታል አምጥቻለሁ። አውቶቡስ ላይ ጎኔ የተቀመጡ አባት “ምንድን ነው ልጄ?” ሲሉኝ “ባክቴሪያ” አልኳቸው፣ ፈቀቅ አሉ። ማሙሽ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ይጥላል፣ በመመርመሪያ ወረቀት ይለካል፣ ይጽፋል። አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ። ናይትራይቱ ወጣ፣ ወረደ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው የቆዩት በ27ኛው ቀን ነው፤ ያለዚያች ስፖንጅ ምናልባት እጥፉን ይፈጅ ነበር። ዓሣ የሌለው አኳሪየም ለማየት ጎረቤት ሁሉ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ነበርና በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በባዶ መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።

አሁን የእኔ ጥፋት። ያቀድነው 8 ዳኒዮ ነው፣ ያውም በሁለት ዙር፣ አራት አራት። አዲስ አበባ ሄጄ የነበረው እኔ ነኝ። ሻጩ “12ቱን ከወሰድክ ቅናሽ አለ፣ ይሄንን የሚያጸዳ ዓሣም እመርቅልሃለሁ” አለኝ። የሚያጸዳው ዓሣ ፕሌኮ ነው። የዓሣ ኩስ አያጸዳም፣ ራሱ ከሁሉም በላይ ይኮሳል፣ አድጎም ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እሱን እንቢ አልኩ፣ ኮራሁ። ቅናሹን ግን ተቀበልኩ። ዓሣን መብላት በብልሃት ይባላል፣ መግዛቱ ላይ ብልሃቴ ጠፋ። 12ቱን በአንድ ቀን ከተትኩ። ባክቴሪያው የለመደው ለቁንጥር ምግብ ነው፣ ለደርዘን ዓሣ አይደለም። በሦስተኛው ቀን አሞኒያ ታየ። በየቀኑ ሩቡን ውሃ በቆየ የሮቶ ውሃ፣ ሙቀቱን አስተካክለን ቀየርን። ሁለት ሞቱ። አንዱ ደግሞ የአየር ቱቦው በሚገባበት ቀዳዳ ዘልሎ ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ተገኘ። ዳኒዮ ይዘላል፣ አውቀው ነበር፣ ቀዳዳውን በስፖንጅ የደፈንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማሙሽ ምንም አልተናገረኝም። ደብተሩ ላይ ግን “በአጎቴ ምክንያት 3” ብሎ ጽፏል።

ዘጠኙ አሁንም አሉ።

ወርቃማዋ የት ሄደች? እዚህ መስታወት ውስጥ ለመክተት ሁሉም ፈልጎ ነበር። ለጊዜው ይበቃታል፣ ከዓመት በኋላ አይበቃትም፣ ከዳኒዮዎቹ ጋር ሙቀታቸውም አይገጥምም። አንድ ዘመድ “ጨሞጋ ወንዝ ልቀቋት፣ ነፃ ትውጣ” አለ። አይሆንም። ከውጭ የመጣ ዓሣ ወንዝ ገብቶ ከተራባ የአገሩን ምግብና እንቁላል ይሻማል፣ በሽታም ይዞ ይገባል። ጉፒም፣ ዳኒዮም፣ ወርቃማም፣ አንዱም ወንዝ አይገባም። መጨረሻ ላይ መልሱ ጓሮ ውስጥ ተገኘ። የምግብ ዘይት የነበረበት 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል፣ አፉ ተቆርጦ ሰፍቶ፣ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ በረንዳው ጥላ ላይ። 150 ሊትር ሞላንበት፣ የአየር ፓምፕ፣ ማሞቂያ የለም። ላዩን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው፣ የጎረቤት ድመት ስላለች። ስትመጣ 4 ሴንቲ ሜትር ነበረች፣ አሁን 8 ሆናለች። ትንኝ እጭ ብትጥል ዓይንህ ሳይርገበገብ ትውጠዋለች። ብቻዋን መሆኗ ማሙሽን ይከነክነዋል። ጓደኛ ይገዛላታል፣ በርሜሉ ለሁለት ይበቃል፣ ግን ክረምቱ ይውጣ ብያለሁ።

ክረምቱ ፈትኖናል። ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ቀኑም ብርድ ነው፣ ፀሐይ የለም። አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 መብራት ጠፋ። እታለም ሳትጠራኝ፣ ሳትጠይቀኝ፣ የጋሼን ጋቢ አውጥታ መስታወቱን አለበሰችው፣ ከላይ ለአየር ትንሽ ከፍታ ትታ፣ የባትሪውን ፓምፕ አስነስታ። ከ21 ወደ 17 ተኩል ወረደ። ዳኒዮዎቹ ቀዘቀዙ፣ ታች ወረዱ፣ ጠዋት ማሞቂያው ሲነሣ መሮጥ ጀመሩ። ጉፒ ቢሆኑ ኖሮ ምን እንደምጽፍላችሁ እኔ እንጃ። ጋሼ ያን ሌሊት ያለ ጋቢ ነው የተኙት፣ እሱንም ነግረውኛል፣ ሁለት ጊዜ።

የሳምንቱ ሥራ አሁን ቀላል ነው። ግማሽ ጀሪካን ያህል፣ 12 ሊትር ይወጣል፣ 12 ሊትር ይገባል። ስፖንጁ በወር አንዴ በዚያው በወጣው ውሃ ይጨመቃል፣ በቧንቧ አይደለም፣ በሳሙናማ በፍጹም። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ፣ እሑድ ጾም። ምግቡን ማሙሽ ደብቆ ይዞታል፣ ከእናቱ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ያ 8 ሊትር ክብ ብርጭቆ ባዶውን ቁም ሣጥን ላይ ነው፣ መኝታ ክፍሌ አድርጌው አንድ ዓሣ ብቻ ባስገባበትስ አለኝ። ክፍልህ ማታ ስንት ዲግሪ ነው አልኩት። ዝም አለ። “ቆይ” ብሎ ስልኩን ዘጋው። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እየጻፈ ነው። እስካሁን ዝቅተኛው 12 ተኩል ነው።